ከስድስት ስድስተኛ የወጣው ቡድን

ልጅ የትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ ወደ ቤት ሲገባ በአብዛኞቻችን ቤት የሚቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ?» አባት ይጠይቃል፣ አጎት ይጠይቃል፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት ሳትቀር ትጠይቃለች። ከ30 ዓመት በላይ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝና ያን ካርድ በእጄ ስሞላ ኖሬአለሁ። ደረጃ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ይመቻል፤ አንድ ቁጥር ነው፣ ከተናገሩት በኋላ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ደረጃው ከሁሉ በታች ስለሆነ ቡድን ነው። ስሙ ቦስተን ብሩይንስ ይባላል፤ በአሜሪካ የቦስተን ከተማ የበረዶ ሆኪ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960/61 የውድድር ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ 70 ጨዋታ አድርጎ ያሸነፈው 15ቱን ብቻ ነበር። በ42ቱ ተሸነፈ፣ በ13ቱ አቻ ወጣ። በሊጉ የነበሩት ቡድኖች ስድስት ናቸው፤ ቦስተን ስድስተኛ ሆነ።

ከዚያ ቡድን ውስጥ በዚያ ዓመት 43 ጨዋታ ተሰልፎ አራት ጎል ብቻ ያገባ አንድ ተጫዋች ነበር። ከ61 ዓመት በኋላ የለበሰው 22 ቁጥር ማሊያ «ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም» ተብሎ በክብር ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። አራት ጎል ላገባ ሰው! ይህን ሳነብ «ነገሩ እንዴት ነው?» ብዬ ጀመርኩና የሰውየውን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሳልከታተል አልተኛሁም።

«አንተ ደግሞ በስተርጅና የበረዶ ሆኪ ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኝ የልጅ ልጄ ነው። ልጄ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ትኖራለች፤ እዚያ ብርዱ ከበድ ይላል፣ ልጆቹም እኛ ኳስ እንደምናባርር በበረዶ ላይ ሆኪ ይጫወታሉ። አሥር ዓመት የሞላው የልጅ ልጄም ከእነሱ ጋር ይጫወታል። ባለፈው የብርድ ወቅት ከተጋጣሚ ቡድን አንድ ልጅ በቆዳው ቀለም ሰደበው። ለእናቱም ለአባቱም አልተናገረም፤ ለታላቅ እህቱ ብቻ «ከእንግዲህ አልሄድም» አላት። እህቱ ለእናቷ፣ እናቷ ደግሞ ለእኔ በስልክ ነገረችኝ። «አባባ፣ ምን ልበለው?» ስትለኝ ከመመለሴ በፊት ስለ ጨዋታው ላነብ ተነሣሁ።

የበረዶ ሆኪን ለአገራችን ሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ የገናን ጨዋታ ማስታወስ ይበቃል። ጫፉ የቆለመመ ዱላ አለ፣ ሩር አለች፣ ሁለት ወገን አለ። አሁን ሜዳውን በረዶ አድርጉት፤ ተጫዋቾቹ ከጫማቸው ሥር ስለት ያለው ብረት አድርገው ይንሸራተታሉ። ሩሯ ድቡልቡል መሆኗ ቀርቶ እንደ ጣሳ ክዳን ጠፍጣፋ፣ 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ጠንካራ ጎማ ትሆናለች፤ ፓክ ይሏታል። በየወገኑ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይሰለፋል፤ ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። በገና ዕለት ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢነካው ቁጣ የለም ይባላል። በበረዶው ሆኪ ግን ቁጣውም አለ፣ ቡጢውም አለ።

የዚያ ዘመን ታላቁ የሰሜን አሜሪካ ሊግ ስድስት ቡድን ብቻ ነበረው። ቦስተን፣ ኒው ዮርክ፣ ቺካጎና ዲትሮይት ከአሜሪካ፣ ሞንትሪያልና ቶሮንቶ ደግሞ ከካናዳ ናቸው። ስድስቱ ቡድኖች አንድ ላይ የነበራቸው ቦታ ከመቶ ሃያ ሰው ብዙም አይዘልም። ለዚያች ጥቂት ቦታ ከመላው ካናዳ ብዙ ወጣት ይጋፋል። እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስም ከእነዚያ ቦታዎች አንዱን እንኳ ጥቁር ሰው ይዞት አያውቅም። ችሎታ ያለው ጠፍቶ አልነበረም። ከጃማይካ የመጡ ወላጆች ቶሮንቶ ላይ የወለዱት ኸርብ ካርኔጊ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደነቀ ተጫዋች ነበር፤ ታላቁን ሊግ ሳይረግጥ ዕድሜው አለፈ። በካናዳ የሆኪ የክብር አዳራሽ ስሙ የገባው እ.ኤ.አ. በ2022፣ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ታሪኩን የምነግራችሁ ሰው ዊሊ ኦሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1935 በካናዳ ኒው ብሩንስዊክ ግዛት፣ ፍሬድሪክተን በምትባል ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ 13ኛ ልጅ፣ የሁሉም ታናሽ ነበር። የዘር ሐረጉ በአሜሪካ ከባርነት አምልጠው ወደ ካናዳ ከገቡ ሰዎች ይመዘዛል። በሦስት ዓመቱ በበረዶ ላይ መንሸራተት ጀመረ። አሠልጣኙ ታላቅ ወንድሙ ሪቻርድ ነበር፤ ሲገፉት እንዴት እንደሚቆም፣ ሲወድቅ እንዴት እንደሚነሣ ያስተማረው እሱ ነው። «ስድብ አንተ ካልፈቀድክለት አይጎዳህም» የሚለውንም ምክር ከወንድሙ እንደሰማ ኦሪ በተለያዩ ጊዜያት ተናግሯል።

በ14ኛ ዓመቱ አካባቢ በቤዝቦል ቡድኑ በኩል ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ጃኪ ሮቢንሰንን አገኘ። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካን ታላቅ የቤዝቦል ሊግ የቀለም አጥር ያፈረሰ ጥቁር ተጫዋች ነው። ትንሹ ዊሊ «እኔ ቤዝቦልም ሆኪም እጫወታለሁ፤ የምወደው ግን ሆኪን ነው» አለው። ሮቢንሰን ሆኪ የሚጫወቱ ጥቁር ልጆች መኖራቸውን እንደማያውቅ ነገረው። ሁለቱ ከ13 ዓመት በኋላ ሎስ አንጀለስ ላይ እንደገና ሲገናኙ ሮቢንሰን ልጁን አልረሳውም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1955/56 ዊሊ ዕድሜው ሃያ ገደማ ሳለ ኪችነር በምትባል የካናዳ ከተማ በወጣቶች ሊግ ይጫወት ነበር። በአንድ ጨዋታ የተመታች ፓክ ተገጭታ ተፈናጥራ ቀኝ ዓይኑን መታችው። በዚያ ዘመን ተጫዋቾች የራስ ቁርም የፊት መከላከያም አያደርጉም። አፍንጫውና የጉንጩ አጥንት ተሰበሩ፤ የቀኝ ዓይኑም ብርሃን ከሞላ ጎደል ጠፋ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ሆኪ መጫወት እንደማይችል ነገረው። ዊሊ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ በረዶው ተመለሰ። የሊጉ ደንብ አንድ ዓይኑ የማያይ ሰው እንዳይሰለፍ ይከለክላል። ስለዚህ ከጥቂት የቅርብ ሰዎች በቀር ለማንም ሳይናገር ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሜዳውን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ዊሊ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር። ግራ መስመር ላይ ሆኖ ወደ ፊት የሚንሸራተት ሰው የሜዳው መሐል፣ ፓኳም፣ ጓደኞቹም፣ ሊገጨው የሚመጣውም ተከላካይ በቀኙ ናቸው። የማያየውም በዚያው በኩል ነው። ስለዚህ በፍጥነት እየበረረ አንገቱን በቀኝ ትከሻው ላይ አዙሮ በግራ ዓይኑ መፈለግ ነበረበት። ኋላ እንደተናገረው ለራሱ የሚነግረው ነገር አንድ ነበር፤ የማላየውን ልርሳ፣ በማየው ላይ ላተኩር።

ጥር 10 ቀን 1950 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። እኛ አገር ከተራ ነው፤ ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱበት ዕለት። በዚያው ዕለት ምሽት ሞንትሪያል ላይ ቦስተን ብሩይንስ ከባለሜዳው ከሞንትሪያል ካናዲየንስ ጋር ይጋጠማል። ቦስተን ሰው ጎድሎበት ከኩቤክ ከተማ ከታችኛው ሊግ ተጫዋች ያስጠራል፤ የተጠራው ዊሊ ኦሪ ነበር። የቡድኑ አሠልጣኝ ሚልት ሽሚት «ስለ ሌላው አትጨነቅ፤ ክለቡ ከጎንህ ነው» ብለው እንዳስገቡት ራሱ ተናግሯል። ሞንትሪያል በተከታታይ ዋንጫ የሚወስድ የዘመኑ ኃያል ቡድን ነው፤ ያን ምሽት ግን ቦስተን 3 ለ 0 አሸነፈ። ዊሊ ጎል አላገባም። በታላቁ ሊግ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች መሆኑን ያወቀው በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ሲያነብ እንደሆነም ይናገራል። በማግስቱ አንድ ጨዋታ ጨመረና ወደ ታችኛው ሊግ ተመለሰ።

ቦስተን በዚያ ዓመት ጠንካራ ነበር፤ ለዋንጫ ጨዋታ ደርሶ በሞንትሪያል ተሸነፈ። ዊሊ ከዚያ ጠንካራ ዓመት የደረሰው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። እንደገና እስኪጠራ ድረስ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ሲጠራ ደግሞ ቡድኑ ቁልቁል እየወረደ ነበር።

የ1960/61ን ዘመን እኛ በሌላ ነገር እናስታውሰዋለን። አበበ ቢቂላ በሮም አውራ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው የሆኪው ውድድር የተጀመረው። በውድድሩ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ የታኅሣሥን ግርግር አየች። ያ ጭንቀት ካለፈ ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖት ነበር፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ የዘመን መለወጫ ዕለት፣ ዊሊ ኦሪ በቦስተን ሜዳ በሞንትሪያል ላይ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ። ጨዋታው 3 ለ 2 ያለቀ ነውና ያለዚያች ጎል ድሉ አይኖርም ነበር። የቦስተን ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት።

የቦስተን ከተማ በዚያ ዘመን ለጥቁር ስፖርተኛ ለስላሳ ከተማ አልነበረችም። የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ሬድ ሶክስ ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ መጨረሻ ሆኖ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው እ.ኤ.አ. በ1959፣ ከዊሊ የመጀመሪያ ጨዋታ አንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ሆኖም ዊሊ ከራሱ ደጋፊዎች በጎ ነገር እንዳየ ይናገራል። ስድቡ የበረታው በሌሎቹ የአሜሪካ ከተሞች እንደነበር፣ በሞንትሪያልና በቶሮንቶ ግን እንደሚቀል ተናግሯል። ቺካጎ ላይ አንድ ተጋጣሚ ሰድቦት ሲያበቃ በዱላው ጫፍ ፊቱን መታው። አፍንጫው ተሰበረ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወለቁ። ዊሊም በዱላ መለሰለት። ሜዳው ተበጠበጠ፤ እሱን ለደኅንነቱ ሲሉ ጨዋታው እስኪያልቅ መልበሻ ክፍል አቆዩት። ይህን የምጽፈው ዱላ መመለሱን ለማወደስ አይደለም። ኋላ ራሱም በስድብ ምክንያት ላለመደባደብ እንደወሰነ፣ የሚደባደበው በጨዋታው ሕግ ሲነኩት ብቻ እንደነበር ተናግሯል። ግን የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሥጋ እንጂ ድንጋይ እንዳልሆነ የልጅ ልጄም እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

ዘመኑ ሲያልቅ የዊሊ ካርድ እንዲህ ነበር፤ 43 ጨዋታ፣ 4 ጎል፣ ለጎል ያመቻቸው ደግሞ 10። ቡድኑ ከስድስት ስድስተኛ። ቦስተን እንደሚመለስ ሲጠብቅ ለሞንትሪያል መዛወሩን ሰማ። ሞንትሪያል ግን አንድም ቀን አላሰለፈውም፤ ወደ ታችኛው ሊግ ላከው። ታላቁን ሊግ ከዚያ ወዲህ አልረገጠም። ቀጣዩ ጥቁር ተጫዋች ማይክ ማርሰን እስኪመጣ ድረስም እ.ኤ.አ. 1974 ደረሰ።

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ሎስ አንጀለስ በታችኛው ሊግ ሄደ፤ በዚያ ሳለ አሠልጣኙ ከግራ ክንፍ ወደ ቀኝ አዛወረው። በቀኝ መስመር ላይ ያለ ሰው የሜዳው መሐል በግራው ነው፤ ደኅናው ዓይኑ ባለበት በኩል። አንገቱን ማዞር ቀረለት። በዚያ ሊግ በ1964/65 38 ጎል አግብቶ የዓመቱ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ፤ በ1968/69 በሳንዲያጎ ሳለ ይህንኑ ደገመው። እ.ኤ.አ. እስከ 1979፣ 43 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ተጫወተ።

አስተማሪ ነበርኩና እዚህ ላይ ብዙ ቆሜ አሰብኩ። ያው ሰው፣ ያው ዓይን፣ ያው ዱላ ነው። የተለወጠው የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ቦስተን ሳለ ያለ በቂ ምክንያት ፓክ የሚያመልጠው ይመስል ነበር፤ ምክንያቱን ግን ማንም አያውቅም። እሱም ሊናገር አልቻለም፤ ቢናገር ይባረራላ! እኔም በክፍሌ እንዲህ ያሉ ልጆች አይቻለሁ። «ሰነፍ ነው፣ ልቡ እዚህ የለም» የሚባል ልጅ ሰሌዳው የማይታየው ሆኖ ተገኝቷል። ከኋላ ወደ ፊት መቀመጫ ሲመጣ ወይም መነጽር ሲገዛለት ሌላ ልጅ ይሆናል። ካርዱ ላይ ግን የሚጻፈው «38ኛ» ነው እንጂ «ሰሌዳው አይታየውም» አይደለም።

ልጅ ለምን ይደብቃል? ዊሊ የደበቀው መናገር የሚወደውን ነገር ስለሚያሳጣው ነው። የልጅ ልጄም ስድቡን የደበቀው በዚያው ምክንያት መሆኑን ኋላ አወቅን፤ እናቱ ከሰማች ከጨዋታው ታስወጣኛለች ብሎ ፈርቶ ነበር። ጨዋታውን እንደጠላ የመሰለን በመጨረሻው ቀን፣ መሸከም ሲያቅተው ነው። ስለዚህ ለልጄ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። መጀመሪያ «ስለነገርከን ከምንም ነገር አትከለከልም» በይው አልኳት። ቀጥሎ አሠልጣኙን ሂደሽ አነጋግሪ፤ ዊሊ ኦሪን ቻል ያደረገው ወንድሙ ከኋላው፣ አሠልጣኙ ከጎኑ መሆናቸው ነው፤ አንድ ልጅ ብቻውን «ቻለው» ሊባል አይገባም አልኳት።

ሄደች። አሠልጣኙ የሁለቱንም ቡድን ወላጆች ሰብስቦ አነጋገረ፤ የተሳዳቢው ልጅ አባት ልጁን ይዞ መጥቶ ይቅርታ አስጠየቀ። ታሪኩን ለልጁ በስልክ ስነግረው ስለ ስድቡ ብዙም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «አባባ፣ በአንድ ዓይን እንዴት ፓኳን አያት?» ብሎ ነው። ወዲያው ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በቤታቸው ኮሪደር ላይ ኳስ ሲያባርር እናቱ በስልኳ ካሜራ አሳየችኝ። ዘንድሮም ይጫወታል። ቡድናቸው አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል።

በእኛ አቆጣጠር ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ያ 22 ቁጥር ማሊያ ቦስተን ላይ ሲሰቀል ኦሪ የ86 ዓመት አዛውንት ሆነው፣ ሳንዲያጎ ከሚገኘው ቤታቸው በቪዲዮ ተከታተሉት። ከእሳቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 ስማቸው በሆኪ የክብር አዳራሽ ገብቷል፤ በትውልድ ከተማቸውም በስማቸው የሚጠራ የሆኪ አዳራሽ አለ። አዳራሹ የገቡት በጎላቸው ብዛት አልነበረም። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሊጉ ሹሟቸው ከተማ ለከተማ እየዞሩ፣ ሆኪ የእነሱ ጨዋታ ያልመሰላቸውን ልጆች ስላስጀመሩም ነው።

ደረጃ አይጠየቅ አልልም፤ እኔም እጠይቃለሁ። ከእሱ በፊት ግን ሁለት ጥያቄ ብናስቀድም ጥሩ ነው፤ «ከየት በኩል ነው የማይታይህ?» እና «ማን ከጎንህ ተቀመጠ?»። አያቶች በተለይ ለዚህ እንመቻለን፤ ልጆች ወላጅ ላይ የሚፈሩትን በእኛ ላይ አይፈሩም። ልጁ ቴሌቪዥን ሲያይ የሚጠጋ፣ ሲያነብ ራሱን ወደ አንድ ጎን የሚያዘም ወይም ከሰሌዳው ይልቅ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ከሆነ ከመቆጣት በፊት አንዱን ዓይኑን፣ ቀጥሎ ሌላውን ሸፍናችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አስነብቡት። ካቃተው በዚያው ሳምንት ለዓይን ሐኪም አሳዩት።